ደካማው ቫልቭ በቀኝ በኩል

ኢሳኦ ቶኩናጋ ዕድሜውን ሙሉ ለሰው "ዓይንህ ደክሟል" እያለ የኖረ ሰው ነው። ኦሳካ ውስጥ፣ ኒፖንባሺ ከሚባለው የኤሌክትሪክ ዕቃ ሰፈር ጀርባ ባለች ጠባብ መንገድ ላይ፣ ከሚስቱ ከፉሳኤ ጋር አርባ ዓመት የመነጽር ሱቅ ይዞ ኖሯል። ደንበኛውን ወንበር ላይ ያስቀምጥና አንዱን መስታወት ዓይኑ ላይ ያደርግለታል፤ ከዚያ ሌላውን። "ይሄ ይሻላል ወይስ ይሄ?" ይለዋል። የሰፈሩ ልጆች ሳይቀሩ ድምፁን አስመስለው ይቀልዱበት ነበር።

ታዲያ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እውነት የሚናገር ሰው ጥቂት ነው። አንዳንዱ ተራ ሲጠብቅ ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደሎች በቃሉ ሸምድዶ ይገባል። አንዳንዱ ደግሞ "ሁለቱም አንድ ናቸው" ብሎ ይገላገላል። ኢሳኦ ይህችን መልስ እንደሰማ ወደ ፉሳኤ ዞር ብሎ ይጠቅሳታል። ደንበኛው ሲወጣም፣ "ሁለቱም አንድ ናቸው ያለ ሰው አንዱ ዓይኑ ሄዷል ማለት ነው" ይላታል። ለደንበኞቹ ደግሞ መነጽር ማድረግ ነውር እንዳልሆነ፣ ነውሩ በገዛ ቤት ግድግዳ መላተም እንደሆነ ሳይታክት ይሰብክ ነበር። ይህን ስብከቱን አስታውሱልኝ።

ጡረታ ሲወጣ ሱቁን ሸጠና ቫልቭ ላይ ወደቀ። ቫልቭ ማለት ድሮ በሬዲዮ ሆድ ውስጥ እንደ ትንሽ ፋኖስ ቦግ ብሎ የሚበራው የመስታወት ዕቃ ነው። ዓለም ከጣለው ስንት ዘመኑ፤ ግን ኒፖንባሺ ውስጥ ዓለም የጣለውን አንስቶ የሚስም ሰው አይጠፋም። የነኢሳኦ ማኅበር አሥር ጡረተኞች አሉት። በየወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ ከአንድ ካፌ ፎቅ ላይ ይሰበሰባሉ፤ እያንዳንዱም በእጁ የሠራውን፣ የጆሮ ማዳመጫ የሚሰካበትን የድምፅ ማጉያ ሳጥን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ጨቅላ የታቀፈ መስሎ ይመጣል። ከዚያ ማዳመጫውን በተራ ጆሯቸው ላይ እየደፉ አንዱን ቫልቭ "ሞቅ ያለ ነው"፣ ሌላውን "ደረቅ ነው"፣ ሦስተኛውን "ማር ማር ይላል" ሲሉ ይውላሉ። ከውጭ ለሚያያቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ምግብ የሚቀምሱ እንጂ ሙዚቃ የሚሰሙ አይመስሉም።

በዚህ ማኅበር ኢሳኦ "መምህር" ነው። ዝናው የመጣው አንድ ጊዜ የቫልቭ መስታወት በእርሳስ ጫፍ ኳ ኳ አድርጎ "የዚህ ውስጡ ላልቷል፤ በወሩ ይሞታል" ስላለና ቫልቩም ቃሉን አክብሮ ስለሞተ ነው። የቀረው ዝና በድፍረት የመጣ ነው። ይህም ሆኖ ዝናው ሥራ ላይ ውሏል፤ በየመኸሩ በሚደረገው የከተማው የእጅ ሥራ ማጉያዎች ውድድር ላይ ማኅበሩ አንድ ዳኛ ይልካል፤ ስድስት ዓመት በተከታታይ የዳኛው ወንበር የኢሳኦ ነበር። ሱቁን ከሸጠ ወዲህ "ይሄ ይሻላል" ሲል የሚሰማው ሰው ያለው እዚያ ወንበር ላይ ብቻ ነው። ያቺን ወንበር ከሚያጣ አንድ እጁን ቢያጣ ይመርጥ ነበር።

የራሱ ማጉያ ሁለት ቫልቭ አላት፤ አንዱ ለግራ ጆሮ፣ አንዱ ለቀኝ። እንደ ማንኛውም ማጉያ ግራና ቀኝን የምታስተካክል ቁልፍ ነበረቻት። ኢሳኦ ነቅሎ ጣላት። "ድምፅ ባለፈበት ቁልፍ ሁሉ ቀረጥ ይከፍላል" አለና ቀዳዳውን በናስ ደፈነው። መምህሩ ነቅሎ ሌላው ሊተው ነው? በወሩ የማኅበሩ ማጉያዎች በሙሉ ቁልፋቸውን ተነቅለው፣ ጥርሱን እንዳስነቀለ ሽማግሌ አፋቸውን በናስ አስሞልተው መጡ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባምና፣ በዚህ ዓመት ክረምት የኢሳኦ ማጉያ ታመመች። ግራው ቀጠነ። ከጭንቅላቱ መካከል ቆማ ትዘፍንለት የነበረችው ድምፃዊት ቀስ በቀስ ወደ ቀኝ ጆሮው ተሰደደች።

እንዲህ ላለው በሽታ የሚደረገውን ለማኅበሩ ያስተማረው ራሱ ኢሳኦ ነው። መጀመሪያ የቫልቮቹን እግሮች በአልኮል ትወለውላለህ። ካልዳነ ሁለቱን ቫልቮች ግራና ቀኝ ታቀያይራለህ። ጥፋቱ ከቫልቩ ጋር ከተሻገረ ጥፋተኛው ቫልቩ ነው፤ ባለበት ከቀረ ሳጥኑ ነው። ኢሳኦ ወለወለ፣ አቀያየረ። ጥፋቱ ግራ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ሳጥኑን ከፍቶ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በመለኪያ ፈተሸ፤ ግራና ቀኙ መንታ ነው። ብየዳውን አደሰ፤ ገመዱን ቀየረ። በመጨረሻም ማዳመጫውን ራሱን አዙሮ ግራውን ቀኝ፣ ቀኙን ግራ አድርጎ ደፋው። ድምፃዊቷ ከቀኝ ንቅንቅ አላለችም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ መሣሪያ ያልተቀያየረው አንድ ዕቃ ብቻ ቀርቷል፤ እሱ ደግሞ ኒፖንባሺ ውስጥ አይሸጥም። ሕፃን ልጅ እንኳ ይህን ያሰላዋል። ኢሳኦ ግን ማዳመጫውን አውልቆ በመስኮት ወደ ውጭ ሲመለከት፣ ፊት ለፊት ያለው የቁማር ቤት አዲስ ያሰቀለው የመብራት ሰሌዳ ቦግ እልም ሲል አየ። "አገኘሁት፤ የሰፈሩን ኮረንቲ ያቆሸሸው ይሄ ነው" አለ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው። ኮረንቲው መርጦ ግራውን ብቻ ለምን እንዳቆሸሸ ራሱን አልጠየቀም።

በማግስቱ ወደ ኡኪታ ሄደ። ኡኪታ ከባሏ የወረሰችውን ቫልቭ በብስኩት ጣሳ አጭቃ የምትሸጥ፣ ከንፈሯ ላይ ሁልጊዜ ፈገግታ የማይጠፋ ባልቴት ናት። ቫልቮቹን አንድ በአንድ መፈተሻ መሣሪያዋ ላይ እየሰካች የመለኪያው ቀስት የት ድረስ እንደሚሄድ ታሳየዋለች። ኢሳኦ ቀስቱ ጥግ ድረስ የፈነጠረውን አንዱን ብርቱ ቫልቭ ለግራ መረጠ። ቀጥሎ አንዱ ተሰካ፤ ቀስቱ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ።

"ይሄ ደክሟል፤ ለመጣል ለይቼው ነበር፤ ተቀላቅሎ ነው" አለች ኡኪታ።

"እሱን ስጪኝ።"

"ምን ያደርግልሃል መምህር?"

"በቀኝ በኩል ነው የምሰካው። ልዩ ቅንብር ነው።"

ኡኪታ አንድ ቅንድቧን ብቻ አንሥታ ጠቀለለችለት። በዚህ ሰፈር ለደንበኛ እብደት ምክንያት አይጠየቅም፤ የሱቁ ኪራይ የሚከፈለው ከእሱ ነው።

ቤቱ ገብቶ ብርቱውን ግራ፣ ደካማውን ቀኝ ሰካና ማዳመጫውን ደፋ። ድምፃዊቷ ወደ መካከል ተመለሰች። ኢሳኦ ከደስታው ብዛት ዓይኑ እንባ አቀረረ። የገዛ ጆሮውን ድካም በቫልቭ ድካም አካክሶ፣ ጤነኛ ማጉያ አሳምሞ፣ "ዳነች" ብሎ አለቀሰ። ቁልፏን ባይነቅላት ኖሮ ይህ ሁሉ በአንድ ጣት የሚያልቅ ነገር ነበር።

አሁን ወደ ፉሳኤ ልመለስ። ፉሳኤ ምግብ የሚበሉበት ጠረጴዛ ላይ ከኢሳኦ በግራ በኩል ነው የምትቀመጠው፤ የወጥ ቤቱ በር በዚያ በኩል ስለሆነ ነው። በሱቁ ዘመን ቀን ሙሉ ሲያወሩ ይውሉ ነበር። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ግን የምታወራው እሷ፣ "እህ" የሚለው እሱ ነው። ስለ እህቷ ስታወራው "እህ"፤ ስለ ጣሪያው መፍሰስ ስታወራው "ጥሩ ነው"። መጀመሪያ ትቀልድበት ነበር፤ "ከግድግዳው ጋር ባወራ መልስ ባይሰጠኝም ቢያንስ አይዋሸኝም" ትለዋለች። "እህ" ይላል። ኋላ ቀልዱም ቀረ።

ቫልቩን በገዛ ሳምንት ፉሳኤ ከዓይን ሐኪም ተመልሳ ኡዶን የሚሉትን የወፍራም ፓስታ ሾርባ በጎድጓዳ ሳህን አቀረበችና በቦታዋ ተቀመጠች። የመብያ እንጨቶቿን አነሣች፤ መልሳ አስቀመጠች። ቀኝ ዓይኗ ላይ ሞራ እንደወጣ፣ ሞራው እንደሚገፈፍ፣ ቀኑም የሚመጣው ወር የመጀመሪያ ሐሙስ እንደሆነ፣ ትንሽ እንደፈራችም ነገረችው። ኢሳኦ በዚያች ሰዓት በሐሳቡ ቫልቭ እየሰካ ነበር። ከንፈሯ መንቀሳቀሱን በዓይኑ ጠርዝ አየ፤ ንግግሯ እንዳበቃም ከአኳኋኗ ገባው፤ ያለውን መልስ ሰጣት።

"በጣም ጥሩ ነው" አለ።

ፉሳኤ በአርባ ስምንት ዓመት ትዳር እንደዚያ ቀን ተቀይማው አታውቅም። አርባ ዓመት የሰው ዓይን ሲመረምር የኖረ ሰው ለሚስቱ ዓይን ያለው ቃል ይህ ሆነ። መድገም ነበረባት? ነበረባት። ግን "ፈራሁ" ማለት አንድ ጊዜ ራሱ ከባድ ነው፤ ሁለተኛ ጊዜ እንዲባል የሚያደርግ ባል ካለ ደግሞ ሆድ ይፍጀው ብሎ መተው ይቀላል። ሳህኑን አንሥታ ወጥ ቤት ገባች። ኢሳኦም ኡዶኑ ዛሬ ጨው እንዳነሰው አስተያየት ሰጠ።

ሐሙስ ደረሰ። ኢሳኦ ማጉያዋን ጠቅልሎ ሲወጣ ፉሳኤም ከጎረቤቷ ጋር ልትወጣ እየለበሰች ነበር። ወዴት እንደሆነ አልጠየቃትም። ያን ቀን ማኅበሩ የዘንድሮውን ዳኛ የሚመርጥበት ስብሰባ ስለነበር ጭንቅላቱ ውስጥ ለሌላ ነገር ቦታ አልነበረውም።

በማኅበሩ አንድ ደንብ አለ፤ ማንም ባይጽፈውም ማንም አይሽረውም። ማጉያ ሲሰማ መጀመሪያ የሚናገረው በዕድሜ ትልቁ ነው። ከሱ በኋላ ሌሎቹ በዕድሜ ቅደም ተከተል ይናገራሉ፤ ትልቁ ያለውን ያስውባሉ እንጂ አያፈርሱም። ያን ቀን የዕድሜ ትልቁ ሀማጉቺ ነበር፤ ጡረታ የወጣ ርዕሰ መምህር፣ ሲሳሳት እንኳ ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመ የሚመስል ሰው። የኢሳኦን ማዳመጫ ተቀብሎ ጆሮው ላይ ደፋና ዓይኑን ጨፈነ።

ድምፃዊቷ ግራ ትከሻው ላይ ወጥታ ጮኸችበት። በቀኝ በኩል ሹክሹክታ ብቻ ነው ያለው። ሀማጉቺ ደነገጠ። አባቱ በሱ ዕድሜ ደንቁሮ ነው የሞተው። "ቀኝ ጆሮዬ ሄደ" አለ በሆዱ። አሁን ይህን እዚህ፣ ጆሮ ነን ከሚሉ ዘጠኝ ሰዎች ፊት እንዴት ብሎ ይናገራል? ማዳመጫውን ቀስ ብሎ አወለቀ።

"ሰፊ ነው፤ እጅግ ሰፊ ነው" አለ።

ሁለተኛው ተቀበለ። እሱም በግራ ተጮኸበት፤ እሱም ቀኝ ጆሮውን በትንሽ ጣቱ ጎረጎረ፤ እሱም "አድማስ አለው" አለ። ሦስተኛው "ድምፁ ከክፍሉ ወጥቶ ሄደ" አለ፤ ይህ እንኳ እውነት ነበረው። እንዲህ እያለ ማዳመጫው ጠረጴዛውን ዞረ። ዘጠኝ ሽማግሌዎች፣ እያንዳንዱ በሆዱ የቀኝ ጆሮውን ሐዘን ተቀምጦ፣ በአፉ የኢሳኦን ማጉያ አመሰገነ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እዚህ ግን ዝምታውም ነቀዘ። በጭብጨባ የዳኛው ወንበር ለሰባተኛ ዓመት ለኢሳኦ ጸደቀ።

ኢሳኦ በሁለት እግሩ ሳይሆን በደስታው እየሄደ አመሻሹ ላይ ቤት ገባ። ፉሳኤ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣለች። ቀኝ ዓይኗ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል።

"ምን ሆንሽ? ወደቅሽ እንዴ?" አለ ደንግጦ።

"ሞራዬ ተገፈፈ።"

"የምን ሞራ? ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነገርኩህ እኮ። ቀኑን ነገርኩህ፤ መፍራቴንም ነገርኩህ። አንተም መልስ ሰጠኸኝ።"

"ምን አልኩ?"

"በጣም ጥሩ ነው አልክ።"

ማንም ምን ቢለኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ እንዲህ ልል አልችልም፣ አለ ኢሳኦ ለራሱ፤ ይህ ደግሞ እውነት ነበር፤ አልሰማም። ፉሳኤ በቀረው አንድ ዓይኗ ስታየው ቆየች። ሁለቱ ዓይኖቿ ያላዩትን ያን ጊዜ ያ አንዱ ያየው መሰለኝ። ተነሣች።

"እስቲ ተቀመጥ" አለችው።

ወንበሩን ስባ አስቀመጠችው። እሱ በሱቁ ዘመን ከደንበኛ ጀርባ ይቆም እንደነበረው ከጀርባው ቆመች። ወደ ግራ ጆሮው ጎንበስ ብላ አንድ ነገር አንሾካሾከች። ወደ ቀኝ ዞራ ሌላ ነገር አንሾካሾከች።

"ይሄ ይሻላል ወይስ ይሄ?" አለች።

"ሁለቱም አንድ ናቸው" አለ ኢሳኦ።

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማው። ስንቱን ሰው በሱቁ ወንበር ላይ አስቀምጦ በልቡ እንደሳቀበት ትዝ አለው፤ አንገቱን ደፋ። አፈረ፤ ከማፈሩም በላይ ፈራ።

"ግራው..." አለ። "በግራ በኩል ምንም የለም ፉሳኤ። ከጠፋ ቆይቷል።"

"ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ እሰማ ነበር፤ የአንተው ግን ከባለቤቱም አልፎ ለሚስቱ ባዳ ሆነ።"

"በግራ በኩል ምን ነበር ያልሽኝ?"

"ባታውቀው ይሻልሃል" አለችና እራት ልታቀርብ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ፉሳኤ በተሸፈነ ዓይኗ እጁን ይዛ ወደ ሰፈሩ ጆሮ ሐኪም ወሰደችው። የመጠባበቂያው ክፍል በር ሲከፈት አንድ ሰው ጋዜጣውን ፈጥኖ ፊቱ ላይ ዘረጋ። ከጎኑ ያለው ጫማው ላይ አቀረቀረ። ሦስተኛው የሚሸሸግበት ስላጣ የግድግዳውን የቀን መቁጠሪያ በጥሞና ያነብ ጀመር። የማኅበሩ ግማሽ እዚያ ነው። ሁሉም ጆሮውን ሊመረመር ሳይሆን በአጋጣሚ ለማረፍ የገባ ይመስላል።

ከሐኪሙ ክፍል ሀማጉቺ ወጣ። ኢሳኦን ሲያይ ሊመለስ ቃጣው፤ ግን የሰማው የምሥራች ስለበዛበት አፉ አላስቻለውም።

"ሐኪሙ፣ ቀኝ ጆሮህ የሃያ ዓመት ልጅ ጆሮ ነው አለኝ" አለ። "ታዲያ ትናንት የሰማሁት ምንድን ነው? በአንተ ማጉያ ቀኙ የለም እኮ።"

ጋዜጣው ዝቅ አለ። የቀን መቁጠሪያውም አንባቢ ዞረ። ኢሳኦ "የሰፈሩ ኮረንቲ ቆሽሾ ነው" ቢል ያምኑት ነበር፤ ዘጠኙም ማመን ቸግሯቸው አያውቅም። ወንበሩም የሱ እንደሆነ ይቀር ነበር። ፉሳኤን አያት። እሷ ደግሞ በአንድ ዓይኗ እሱን ታየዋለች።

"ቀኝ ላይ የሰካሁት የደከመ ቫልቭ ነው" አለ። "እያወቅኩ ነው የሰካሁት። ግራ ጆሮዬ አይሰማም።"

"አንተ ኢሳኦ" አለ ሀማጉቺ፤ መምህር የምትለዋ በዚያች ቅጽበት ረገፈች። "ሌሊቱን ሙሉ ኑዛዜዬን ሳስብ ነው ያደርኩት። የአባቴን መቃብር ሁሉ ነው ያየሁት።"

"አንተስ ለምን ሰፊ ነው አልክ?"

ጋዜጣው ተመልሶ ከፍ አለ። በዚህ መካከል ነርሷ በግራ በኩል ካለው በር ላይ ቆማ የቶኩናጋን ስም ጠራች፤ ደግማ ጠራች። ሁሉም ወደ ኢሳኦ አዩ። ፉሳኤ በክርኗ ጎሸም አደረገችው።

ሐኪሙ ግራ ጆሮው አብዛኛውን ድምፅ እንደማይሰማ፣ የሚመለስ እንዳልሆነ፣ ግን በመሣሪያ እንደሚታገዝ ነገረው። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ነገር አውጥቶ አሳየው። ኢሳኦ የጠየቀው የመጀመሪያው ነገር ቫልቭ አላት ወይ የሚል ነበር። የላትም። ቁልፍስ? ቁልፍ አላት፤ ከፍና ዝቅ የምታደርግ ትንሽ ቁልፍ። ነቅሎ የጣላት ቁልፍ ዞራ ዞራ ጆሮው ውስጥ ልትገባ ነው። ለደንበኞቹ ያችን የነውር ስብከቱን ሲሰብክ የኖረው ሰው፣ ከፀጉር ስር የምትደበቅ ሌላ ዓይነት እንዳለ ሐኪሙን ሦስት ጊዜ ጠየቀው። ፉሳኤ ናት "የሚታየውን ስጡት" ያለች።

የዳኛው ወንበር በሚቀጥለው ስብሰባ ለሀማጉቺ ተሰጠ፤ ከመካከላቸው ጆሮው በሐኪም የተመሰከረለት እሱ ነውና። እሱም ይህን ሳይናገር የሚያሳልፈው ሐሙስ የለም። ማንም ስለ "ሰፊ ነው" አንሥቶ አያውቅም። ማጉያዎቹ ግን አንድ በአንድ፣ ማንም ማንንም ሳይጠይቅ፣ ናሳቸውን እያስነቀሉ ቁልፋቸውን መልሰው አስገቡ።

ከሐኪም ቤት ሲወጡ የነበረውን ልንገራችሁና ላብቃ። በር ላይ ቆመው ተጨቃጨቁ። ፉሳኤ በኢሳኦ ግራ ከሄደች አይሰማትም። በቀኙ ከሄደች ደግሞ የተሸፈነው ዓይኗ ወደ መንገዱ ይሆናል፤ በዚያ መንገድ ላይ ደግሞ የኦሳካ ብስክሌት ለንጉሥ አይቆምም። ኢሳኦ ዝም ብለን እንሂድ አለ። ፉሳኤ ዝም ብሎ መሄዱ ሁለት ዓመት በቅቶኛል አለች። እጁን ጨብጣ በቀኙ ገባች፤ "ብስክሌት ሲመጣ ሳበኝ፤ ሌላ ሥራ የለህም" አለችው። ከዚያ ስለ እህቷ ጀመረች፤ ስለ ጣሪያው ቀጠለች፤ ስለ ዓይኗ፣ ስለ ፍርሃቷ፣ ጨው አነሰው ስላለው ኡዶን፣ አንድም ሳታስቀር ሁለት ዓመት ያጠራቀመችውን አወረደችው። ኢሳኦ እስከ ቤቱ ደጃፍ ድረስ ብስክሌት እየጠበቀ ሰማት። አንዲት ቃል አላመለጠችውም፤ "እህ" ለማለትም አልደፈረም።